ስብራትም ወራት አለው



ወባ ወራት እንዳላት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየቦታው ሲያቁር፣ በመስከረምና በጥቅምት የጤና ጣቢያው ወረፋ እንደሚረዝም ማንም ሳይነግራችሁ ትጠብቃላችሁ። ጉንፋንም ተቅማጥም ጊዜ አላቸው። የልጅ እጅ ሲሰበር ግን «ቀን ጎደለበት» ብለን እናልፈዋለን። ለአንዱ ልጅ ነገሩ እውነትም ድንገተኛ ነው። መቶውን፣ ሺሁን ልጅ አንድ ላይ ስናይ ግን ስብራትም ወራትን ተከትሎ ይበዛል፣ ወራትን ተከትሎ ይቀንሳል። የሚበዛበት ወር ከታወቀ ደግሞ ቀድሞ መዘጋጀት ይቻላል። የዛሬው ትምህርቴ በዚህ ላይ ነው።

የልጆች ስብራት በሰፊው ከተጠናባቸው አገሮች አንዷ ስዊድን ናት። ሌናርት ላንዲን የተባሉ ሐኪም በማልሞ ከተማ ከ1950 እስከ 1979 እ.ኤ.አ. ባለው ዘመን በልጆች ላይ የደረሱ 8,682 ስብራቶችን መርምረው ውጤቱን በ1983 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በስሌታቸው መሠረት አንድ ወንድ ልጅ 16 ዓመት እስኪሞላው ድረስ የመሰበር ዕድሉ 42 በመቶ ነው፤ የሴት ልጅ ደግሞ 27 በመቶ። መንገዷ በተስተካከለ፣ ሕክምናዋ በተሟላ ከተማ እንኳ ከአምስት ወንዶች ልጆች ሁለቱ ሳይሰበሩ አያድጉም ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በሰሜን አውሮፓ የተደረጉ ጥናቶች ባመዛኙ የሚስማሙበት ነገር አለ፤ የልጆች ስብራት በበጋቸው ይበዛል፣ በክረምታቸው ይቀንሳል። በፊንላንድ ኦሉ ከተማ ተመራማሪዎች የየዕለቱን የአየር ሁኔታ ከሆስፒታል መዝገብ ጋር አስተያይተው፣ ዝናብ ባልጣለባቸው ቀናት የልጆች የክርን አካባቢ ስብራት እንደሚበዛ አሳይተዋል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ደረቅ ቀን ሲሆን ልጅ ውጭ ይውላል፤ ይሮጣል፣ ይንጠላጠላል፣ ይወድቃል። በክረምታቸው በረዶ ተንሸራተው የሚሰበሩት በአብዛኛው አዋቂዎችና አረጋውያን ናቸው።

ይህን ግኝት እንዳለ ወደ ከተማችን ወደ ጅማ ብናመጣው ግን ያሳስተናል። የማልሞ ልጅ በሰኔ ወር ወደ 17 ሰዓት ተኩል የሚጠጋ የቀን ብርሃን ያገኛል፤ በታኅሣሥ 7 ሰዓት ገደማ ብቻ። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ እንኳ ስለማትርቅ ረጅሙና አጭሩ ቀኗ የሚበላለጡት አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ነው። የእኛ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ብርሃን አለው። ስለዚህ ውሎውን ከወር ወር የሚለዋውጠው ሌላ ነው። ዝናቡ ይለውጠዋል፤ የትምህርት ቤት መከፈትና መዘጋት ይለውጠዋል፤ የፍራፍሬው መብሰል ይለውጠዋል፤ በጅማ ዙሪያ ደግሞ ቡናው ይለውጠዋል።

ከንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙልኝ። ወቅቱ በራሱ አጥንት አይሰብርም፤ ልጁን ከደጅ ወደ ቤት፣ ከክፍል ወደ ማሳ፣ ከመሬት ወደ ዛፍ ይወስደዋል እንጂ። የሚሰብረው የወደቀበት ከፍታና ያረፈበት መሬት ነው።

እዚህ ላይ ለትንሽ ስሌት ታገሡኝ። ከ1 ሜትር ከፍታ የወደቀ ልጅ መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ4 ሜትር ከወደቀ 32 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ከመርካቶ ወደ ፈረንጅ አራዳ በሚፈተለክ ባጃጅ ፍጥነት መሬት መታ ማለት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የምቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የተጎዳ ልጅ ሲመጣ «የት ወደቀ?» ከሚለው ቀጥሎ የሚጠየቀው «ከምን ያህል ከፍታ?» የሚለው ነው።

አሁን ዓመቱን አብረን እንዙረው።

ከክረምት እንጀምር። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እየጠነከረ ሄዶ ከሰኔ እስከ መስከረም ያይላል። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። በእነዚህ ወራት ልጅ የሚወድቀው በአብዛኛው ከራሱ ቁመት ነው፤ ቀዩ ጭቃ አዳልጦት፣ በረጠበ ደረጃ ተንሸራቶ፣ ቦይ ልዝለል ብሎ። ሲወድቅ ፊቱን ለማዳን መዳፉን ይዘረጋል፤ ምቱም ከእጁ አንጓ ከፍ ብሎ ያለውን አጥንት ያገኘዋል። ይህ ስብራት ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው፤ በጀሶ ታስሮ በጥቂት ሳምንታት ይድናል። የክረምቱ ዋና ጣጣ መንገዱ ነው። ከጌራ ወይም ከሊሙ ገጠር ቀበሌ የተነሣ ልጅ ጭቃና ወንዝ ይዘውት ሲዘገይ፣ ቀላል የነበረው ጉዳት በመንገድ ላይ ይከብዳል።

ከዚያ መስከረም ይጠባል፤ ትምህርት ይከፈታል፤ ቡናውም መቅላት ይጀምራል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ፣ በደጋማው ወገን ደግሞ እስከ ጥር፣ በማና፣ በጎማ፣ በሊሙ፣ በጌራና በሰቃ የሰው ሁሉ ሐሳብ ለቀማው ላይ ነው። ያልተገረዘ የቆየ የጫካ ቡና ከአምስት ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ከታች ያለውን እሸት አዋቂው ቆሞ ይለቅመዋል። ከላይ፣ ቀጭኑ ቅርንጫፍ ላይ የቀላውን ለመልቀም ግን ክብደት የሌለው ሰው ይፈለጋል፤ ያ ሰው ልጁ ነው። አንድ እጁ ቅርንጫፍ ይዟል፣ አንዱ ይለቅማል፣ ቅርጫቱ ወገቡ ላይ ይከብዳል፣ ጠዋት ጠዋት ቅርፊቱ በጤዛ ርሷል። ለጥላ የቆመው ዋንዛም ፍሬው በበሰለ ጊዜ የራሱን ልጆች ይጠራል።

መምህራን ሆይ፣ በጥቅምትና በኅዳር ክፍላችሁ እንደሚሳሳ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ያን ጊዜ የምትይዙት የቀሪ መዝገብ ስለ ትምህርት ብቻ የሚናገር አይደለም። ስንት ልጅ ወንበር ትቶ ዛፍ ላይ እንደወጣ ከእናንተ መዝገብ በተሻለ የሚያሳይ ሰነድ በወረዳው የለም። በዚያው ሰሞን እሸትና ጀንፈል ቡና የጫነው አይሱዙ መኪና በአጋሮ መንገድ ይመላለሳል፤ ልጆችም ኋላው ላይ ይንጠለጠላሉ።

በጥርና በየካቲት ማሳው ጭር ይላል፤ ሜዳው ይደርቃል። የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት አለ፤ ኳስ አለ። በክረምት ለስላሳ የነበረው ቀይ አፈር አሁን እንደ ሲሚንቶ ጠንክሯል፤ ስለዚህ ያው አወዳደቅ የባሰ ጉዳት ያደርሳል። የቡና ገንዘብ ወደየቤቱ የገባበት፣ ሠርግና ጉዞ የበዛበት ወቅትም ስለሆነ ሞተር ብስክሌቱና ባጃጁ መንገዱን ይሞሉታል። የተሽከርካሪ ግጭት የሚያደርሰው ስብራት ከጨዋታው ይለያል፤ ጭንና ቅልጥም ይሰብራል፤ ራስና ሆድም አብረው ሊጎዱ ይችላሉ።

ማንጎው፣ ዘይቱኑና አቮካዶው ሲደርስ ልጁ እንደገና ወደ ዛፍ ይመለሳል፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚወጣው በራሱ ፈቃድ ነው። ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፒተር ባርስ የተባሉ ሐኪም በፓፑዋ ኒው ጊኒ አሎታው በሚገኝ ሆስፒታል ሲሠሩ፣ ከዛፍ መውደቅ ሰዎችን ሆስፒታል ከሚያስተኙ ዋና ዋና አደጋዎች አንዱ መሆኑን በ1984 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። በአውሮፓ የሕክምና መጻሕፍት እምብዛም ቦታ የማይሰጠው የዛፍ ጉዳይ ኑሮው በዛፍ ላይ ለተመሠረተ ሕዝብ ዋና ርዕስ ነው።

አሁን ደግሞ ከፀሐይ ወቅት ጋር የማይሄድ ሌላ አቆጣጠር አለን። ረመዳንና ዒድ በጨረቃ ይቆጠራሉ፤ በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ቀደም እያሉ በ33 ዓመት ያህል ወቅቶቹን ሁሉ ያዳርሳሉ። ዒድ ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው በየመንገዱ የሚፈስሱበት ቀን ነው። በአንድ ዘመን ቡና ለቀማ ላይ ይውላል፣ በሌላ ዘመን ክረምት ላይ። ስለዚህ በጅማ የአንድ ዓመት መዝገብ አይቶ «ስብራት የሚበዛው በዚህ ወር ነው» ማለት አይበቃም። በዓሉ የዋለበትን ወር ለይቶ፣ በርካታ ዓመታትን አስተያይቶ ማንበብ ያስፈልጋል።

እስካሁን ስለ መውደቅ ተናገርሁ። ስለ አጥንቱም ልናገር።

የልጅ አጥንት ከአዋቂው ይልቅ ይለመጣል፤ ላዩ ላይ ያለው ልባስም ወፍራም ነው። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ለሁለት ሳይከፈል በአንድ ወገን ተሰንጥቆ በሌላው ይጎብጣል። ቆዳው አልተቀደደም፤ ጣቶቹም ይንቀሳቀሳሉ። «ወለምታ ነው» ተብሎ ታሽቶ የሚታለፈው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። በአጥንቱ ጫፍ አጠገብ ደግሞ ቁመት የሚጨምርበት ለስላሳ ክፍል አለ፤ ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው የልጆች ስብራት ይህን ክፍል ይነካል። በደንብ ካልተያዘ ልጁ ሲያድግ እጁ ወይም እግሩ ሊንጋደድ ወይም ሊያጥር ይችላል። ራጅ ማንሣት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ውጪውን በማየት ብቻ አይታወቅም።

ከዛፍ በሚወድቁ ልጆች ላይ ይበልጥ የምንፈራው ከክርን ከፍ ብሎ የሚደርሰውን ስብራት ነው። ከ5 እስከ 7 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ በብዛት ይታያል። ወደ ክንድና ጣት ደም የሚያደርሰው ዋና የደም ሥር የሚያልፈው ከዚያ አጥንት ፊት ለፊት ነው። የተሰበረው ጫፍ ይህን የደም ሥር ሊጫነው ይችላል፤ ክንዱም ያብጣል። በዚህ ላይ ጠበቅ አድርገው ሲያስሩት ደሙ ይቆማል። ጀርመናዊው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ሪቻርድ ፎን ፎልክማን በ1881 እ.ኤ.አ. በጠባብ እስራት ምክንያት ደም ያጣ የክንድ ጡንቻ እንዴት እንደሚሞት፣ እጁም ተጨማድዶ እንደሚቀር ጽፈዋል። ልብ በሉ፤ የጻፉት በአውሮፓ ሐኪሞች እጅ ስለታሰሩ ሰዎች ነው። ሽምበቆም ይሁን ጀሶ፣ ከጠበቀ ያው ነው።

የተከበራችሁ ወጌሾች፣ ይህን የምናገረው ልነቅፋችሁ አይደለም። በየገጠሩ ከጤና ባለሙያው ቀድማችሁ የምትጠሩት እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በእጃችሁ ናቸው። ዶክተር መኮንን እሸቴ በ2005 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ በሚታተም የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ የአገራችንን ተሞክሮ ያሳያል። ለወጌሾች ስለ እስራት አደጋ ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ፣ በእስራት ሳቢያ ደም አጥቶ በመበስበስ ምክንያት የሚቆረጠው እጅና እግር ቀንሷል። ሥልጠናው ረጅም አልነበረም፤ ማሽንም አላስፈለገውም።

ዋናው ነገር እንዲህ ነው። የተጎዳውን እጅ ባለበት አኳኋን በካርቶን ወይም በእንጨት ደግፉት፤ ጨርቅ አልብሱት፤ ጣቶቹ ይታዩ። አትሹት፣ አትጎትቱት። ከዚያ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ጣቱን ቀስ ብላችሁ ስትዘረጉለት ልጁ ከጮኸ፣ ወይም ሕመሙ ከታሰረ በኋላ እየባሰ ከሄደ፣ እስራቱን ወዲያው ፍቱት፤ ልጁንም ሳትውሉ ሳታድሩ ውሰዱት። ጡንቻ ያለ ደም የሚቆየው ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው አጋሮ ሆስፒታል አለ፤ በሊሙ ገነትም አለ፤ እዚሁ ከተማችን ሸነን ጊቤ ሆስፒታልና የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል አሉ። «ነገ የገበያ መኪና ሲመጣ» የሚባል ቀጠሮ ለእንዲህ ያለው እጅ አይሆንም።

ሌላው ጉዳይ የአጥንቱ ጥንካሬ ነው። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለበት አገር የቫይታሚን ዲ እጥረት ሊኖር አይችልም የሚል እምነት አለ። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የተነሡ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ ያሉ ተማሪዎችን ደም መርምሮ 42 በመቶው እጥረት እንዳለባቸው አግኝቷል። ከተሜዎቹን ለይተን ካየን 61.8 በመቶ፣ ገጠሬዎቹን 21.2 በመቶ ነበር። ፀሐይዋ ለሁለቱም አንድ ናት፤ ከሚለያዩባቸው ነገሮች አንዱ በቀን ስንት ሰዓት ከጣሪያ ሥር እንደሚውሉ ነው። በዚሁ በጅማ ሆስፒታል የተሠራና በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የልጆችን አጥንት የሚያጎብጠውን የሪኬትስ በሽታ ከካልሲየም እጥረት ጋር አያይዞ መርምሯል። ስለዚህ «ልጁ እንዳይሰበር ከቤት አይውጣ» የሚለው ምክር መድኃኒቱ ራሱ ሕመም የሆነበት ነው። ልጅ ፀሐይ ላይ መሮጥ አለበት፤ ወተት መጠጣት፣ አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል መብላት አለበት። በተለይ በጉርምስና መግቢያ፣ ቁመት በፍጥነት ሲጨምርና አጥንት ውስጥ የሚከማቸው ማዕድን ወደ ኋላ ሲቀር፣ ስብራት ከሌላው ዕድሜ ይበልጣል፤ ያን ጊዜ ምግቡ ይበልጥ ያስፈልጋል።

እንግዲህ የትኛውን ስብራት እንከላከል? ከጨዋታ የሚመጣውን ሁሉ ልንከላከል አንችልም፤ አይገባንምም። ልንቀንሰው የምንችለው ከፍታውን ነው። ለዚህ ደግሞ መልሱ ከሕክምና ሰዎች ቀድሞ በእርሻ ሰዎች እጅ ይገኛል። ከዚህ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው መልኮ፣ በ1967 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ከታየ በኋላ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ተመርጠው ወጥተዋል፤ ብዙዎቻችሁ በቁጥራቸው የምታውቋቸው እነ 74110 ቅርንጫፋቸው ሰብሰብ ያለ፣ ቁመታቸው የማይመዘዝ ናቸው። ማዕከሉ ያረጀ ቡና ተጎንድሎ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ይመክራል። ይህ ሁሉ የተሠራው ለምርት ነው። ነገር ግን መሬት ላይ ቆሞ የሚለቀም ቡና ልጅ አይጥልም። ቡናቸውን እንዲጎነድሉ ለገበሬዎች የምርቱን ጥቅም የሚነግሩ የግብርና ባለሙያዎች የልጁንም ክንድ ጨምረው ይንገሯቸው። ጉንደላው እስኪደርስ ድረስ ቅርንጫፉን ጎትቶ የሚያወርድ ቆልማማ እንጨት ዛፍ ከሚወጣ ልጅ ይሻላል፤ ከላይ የቀረው ጥቂት እሸትም ከአንድ ልጅ ክርን ይረክሳል።

ለየሰዉ የሚደርሰውን ልከፋፍልና ላብቃ። የጤና ጣቢያ ሠራተኞች፣ መዝገባችሁ ላይ «ስብራት» ብላችሁ አትተዉት፤ ወሩን፣ ዕድሜውን፣ ከምን እንደወደቀና ከምን ያህል ከፍታ እንደሆነ ጨምሩበት። መምህራን፣ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ወር፣ ለቀማው ሳይጀመር፣ ለልጆቹም ለወላጆቹም ስለ ዛፍና ስለ እስራት አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡ። ወጌሾች፣ ጣቶቹን እዩ፤ ከተጠራጠራችሁ ቀድማችሁ ላኩ፤ ልኮ ማዳን የሙያ ክብር ነው። ወላጆች፣ በለቀማ ሰሞን ማን ዛፍ እንደሚወጣ በቤታችሁ ተነጋግራችሁ ወስኑ፤ ውሳኔውን ለልጁ አትተዉለት።

የቡናው አበባ መቼ እንደሚፈነዳ፣ እሸቱ መቼ እንደሚቀላ፣ ነጋዴው መቼ እንደሚመጣ አስቀድመን የምናውቅ ሰዎች ነን። በዚያው ሳምንት ልጆቻችን ከዛፍ እንደሚወድቁ አላወቅንም ልንል አንችልም።